በጓዳ የሚበላው ጾመኛ

አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ ደምሴ «ባትሪውን ንቀይውና አንብቢው» አሉኝ። ነቀልኩት። ባትሪው መዳፌ ላይ ተቀምጧል፤ ቺፑ ግን ጠዋት እንዲይዝ የሰጠሁትን ቁጥሮች አንድ በአንድ፣ አንዷንም ሳይስት፣ ስክሪኑ ላይ ደረደራቸው። ይህ ዓይነቱ ሚሞሪ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት ሁሉንም የሚረሳ ነው። መርሳት ነበረበት። አልረሳም። እኔ ደግሞ በዚያው ቺፕ ምክንያት ጠዋት ተጨብጭቦልኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ባለፈው ወር አረፉ። መካኒሳ አቦ በቀበርናቸው በሦስተኛው ቀን ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ የመጨረሻ ልጃቸው እታገኝ አጠገቤ መጥታ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ ለዝምተኛዋ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ከገባሽ ጀምሮ ድምፅሽን ስላልሰማሁት አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ነው።»

ደብተሩን አውቀዋለሁ። የስህተት ደብተራቸው ነው። በሥራ ዘመናቸው የተሳሳቱትን ሁሉ በቀንና በሰዓት ይጽፉበት ነበር። የሰው ስህተት አይገባበትም፣ የራሳቸው ብቻ። «ባትሪው የደከመ መለኪያ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ጤነኛ መስመር ስቆፍር ዋልኩ» ይላል አንዱ ገጽ። የዚያን ሳምንት ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። ረቡዕ ከሚለው ስር አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ስለ ልጅቷ የገመትኩት ልክ አልነበረም።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። ምን ገምተው እንደነበር ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

የምንሠራው ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነው። ከታች ረዳቶቹ «ጀሞ! ጀሞ!» ሲሉ ይሰማል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ መለኪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ይርገበገባሉ። ሥራችን በጣም ጥቂት ኃይል የሚበላ ሰርኪውትና ሚሞሪ መንደፍ ነው። ጥቂት ስል የእጅ ሰዓት የሚበላውን እንኳ ብዙ የሚያሰኝ ጥቂት ማለቴ ነው። ንድፉን እኛ እንሠራለን፤ ቺፑ ውጭ አገር ተመርቶ ከወራት በኋላ ከክብሪት ሳጥን በማትበልጥ ካርቶን ይመጣልናል። የዚያን ጊዜው ቺፕ የክትባት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ወደ ሩቅ ጤና ኬላ ሲጓዝ ሙቀቱን በየሰዓቱ እየመዘገበ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ጤና ሠራተኛዋ ክትባቱ ሙቀት መትቶት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ጋሽ ደምሴ ዲግሪ የላቸውም። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሄኖክ ያመጣቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የገባበትን ኬብል ከጉድጓድ እያወጡ የት ጋ እንደሚያፈስ ሲፈልጉ ነው ያረጁት። «እኔ የማውቀው ኤሌክትሪክ በየት እንደሚያፈስ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። «እናንተ ሥሩት፣ ቀዳዳውን ለእኔ ተዉት።» ሁለተኛው ቁልፉ የጎደለ ካኪ ጋዋን ይለብሳሉ። መነጽራቸው በጫማ ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ቦርድ ላይ አንድ ነገር ሲያሳዩ በጣታቸው አይደለም፣ ኪሳቸው ውስጥ በማይጠፋ ስቴኪኒ ነው።

የጣቱን ነገር በመጀመሪያ ቀኔ ነው የተማርኩት። ምሳ በልቼ ተመልሼ ቦርዱን አንስቼ ሳገላብጥ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ምሳ ምን በላሽ?»

«ሽሮ» አልኩ።

«ምን? ከፍ አድርጊው።»

«ሽሮ።»

«እንግዲያው ቺፑም ሽሮ በልቷል።»

መለኪያውን አዙረው አሳዩኝ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ከጠዋቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ጥጥ አልኮል አስነክተው እኔ የያዝኩትን ቦታ ጠረጉት፣ እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። የጣቴ ወዝ ለዓይን የማይታይ መንገድ ሠርቶ ኃይሉ በዚያ ላይ ሲያልፍ ነበር። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ወስደው እንደ ቀዶ ሐኪም እስከ ክርኔ አሳጠቡኝ። ውሃ ሲጠፋ በሃይላንድ ያስቀመጡትን ራሳቸው ያፈሱልኝ ነበር። የዚያን ቀን ወደ ክፍሉ ስንመለስ ለዶክተር ሄኖክ «ዓመት ሙሉ ዝቅተኛ ኃይል ስንፈልግ ይቺ ተሠርታ መጥታለች፤ ድምጿን ለመስማት ጆሮ መለጠፍ ያስፈልጋል» አሉት። ሁሉም ሳቁ። እኔም አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዝቅተኛ ኃይል ሆነ።

የልኬት ደንባቸው ጥብቅ ነበር። አንዱ ይለካና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይገለብጠዋል። ሌላው ሽቦውን በሙሉ ነቅሎ፣ እንደ አዲስ አገናኝቶ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳያይ ይለካል። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ይገለጣሉ። ከተስማሙ ቁጥሩ ነጩ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ከጎኑ የሁለቱ ለኪዎች ስም ይጻፋል። ካልተስማሙ እንደገና ነው። ወረቀቱ የሚገለጥባትን ጊዜ እወዳት ነበር። ጋሽ ደምሴ ካርታ እንደሚጫወት ሰው ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ዓይኔን እያዩ፣ ቀስ አድርገው ነበር የሚያነሱት።

ይህ ደንብ የቀረው ከዚያ ማክሰኞ ሁለት ወር በፊት ነው። አዲሶቹ ቺፖች የመጡ ሰሞን ጋሽ ደምሴ «እነዚህ ያፈሳሉ፤ ሲመረቱ ተበላሽተዋል» ብለው ጮኹ። ከዶክተር ሄኖክ ጋር አብረው ለኩ፤ እውነትም ያፈሳሉ። ዶክተር ሄኖክ ለአምራቹ ጠንከር ያለ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፈ። በስድስተኛው ቀን ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ምክንያቱን ደረሱበት፦ ፀሐይ ነበረች። ቺፖቹን ለመመርመር ክዳናቸው ተነስቷል፣ የጋሽ ደምሴ ጠረጴዛ ደግሞ መስኮት ስር ነው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በቀጥታ ቺፑ ላይ ሲያርፍ ማፍሰሱ ይጨምራል፤ መጋረጃ ሲዘጋ ይቆማል። ማንም ሳይጠይቃቸው ለሁላችንም ተናገሩ፤ ደብተራቸውንም አውጥተው ጻፉት።

ዶክተር ሄኖክ ክፉ ሰው አይደለም። «አንቱ አትበሉኝ፣ አታስረጁኝ» ስላለን አንተ ነው የምንለው። ግን የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነበት፣ ያም አሳፈረው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ደክሞዎታል» አላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ልኬቱን ልጅቷ ትያዘው። እርስዎ ብየዳውን ብቻ ይሥሩልን።»

«እሺ ጌታዬ» አሉ። ወንበራቸውን አንስተው ወደ ብየዳው ጠረጴዛ ሄዱ። ወረቀት መገልበጡም በዚያው ቀረ።

ያ ማክሰኞ የደረሰው ሁላችንም በተጨነቅንበት ወር ነው። የሙቀት መዝጋቢውን ሊያመርቱት የሚፈልጉ ሰዎች ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ባትሪው ሳይቀየር ስንት ዓመት እንዲቆይ እንደሚፈልጉ ነግረውናል። ቁጥራችን እዚያ ካልደረሰ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ ዶክተር ሄኖክ አልደበቀንም።

ጋሽ ደምሴ ጠዋት የእድራቸው ቀብር ነበረባቸው። ብቻዬን ለካሁ። አራት ሰዓት ላይ ያገኘሁት ቁጥር ካለምነውም በታች ነበር። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ሽቦውን ግን አልነቀልኩም፤ ሁለተኛውን ልኬት በመጀመሪያው ሽቦ ነው የለካሁት። ለዶክተር ሄኖክ ስነግረው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን በቀይ፣ የመዳፍ ያህል አድርጎ ጻፈው፤ ከጎኑ የእኔን ስም ብቻ። ከወዲያኛው ክፍል ሁለቱ ንድፍ ሠሪዎች መጥተው አጨበጨቡ። እሱ እዚያው ቆሞ ለእንግዶቹ ደወለ። «ከጠየቃችሁን በታች ነው። አዎ፣ በታች!» ሲል ሰማሁት። ደስ አለኝ። መደሰቴን አልክድም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ደምሴ የቀብር አቧራ በጫማቸው ይዘው ገቡ። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆሙ። እንኳን ደስ ያለሽ አላሉኝም።

«ሁለተኛውን ማን ለካው?»

«እኔው።»

«ሽቦውን ነቅለሽ?»

ዓይኔን ወደ ሽቦው መለስኩ። ወደ መታጠቢያው ሄዱ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ሲታጠቡ አላየኋቸውም ነበር። እስከ ክርናቸው ታጥበው ተመለሱ። ከዚያ ነው ባትሪውን ንቀይው ያሉኝ።

ስክሪኑ ላይ ሊታይ የማይገባው ቁጥር ሲደረደር ሁለታችንም አየን። ጋሽ ደምሴ በስቴኪኒያቸው አንዲት ቀጭን ሽቦ አሳዩኝ፤ ሚሞሪውን የማነብባት የዳታ ሽቦ ናት።

«በዚች ነው» አሉ። «ይቺ ራሷ ኃይል አላት። ቺፑ ከባትሪው መውሰድ ትቶ ከዚች እየወሰደ ነው። አንቺ የለካሽው ከባትሪው የሚወጣውን ብቻ ነው።» ከዚያ «ጾመኛ ነው ብለሽ ያወራሽለት በጓዳ እየበላ ነው» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

የዳታውን ሽቦ ለይተን በድሮው ደንብ ለካን። እኔ ጽፌ ገለበጥኩ፤ እሳቸው ሁሉንም ነቅለው፣ መልሰው አገናኝተው ጻፉ። ሲገለጥ ሁለቱም ወረቀት አንድ ነበር፦ ሰሌዳው ላይ ካለው ዘጠኝ እጥፍ። መጥፎ ቁጥር አይደለም። ቃል የተገባው ቁጥር ግን አይደለም።

«ለዶክተር ይንገሩት» አልኩ።

«እኔ? እኔ ብነግረው ‹ደግሞ ፀሐይ ወጣች እንዴ?› ነው የሚለኝ።»

«ባትሪውን ነቅለው ያሳዩታላ።»

የያዙትን ጥጥ አጥፈው፣ ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት። «ኮንትራቴ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። አንቺም ፈርተሻል፤ አንገትሽ ላይ ሥርሽ ሲመታ ይታየኛል። ብቻ አንቺ ወጣት ፈሪ ነሽ፤ ቢያባርሩሽ ሌላ ቦታ ይቀጥሩሻል። እኔን ማን ይቀጥረኛል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከነገርሽው ስሜን አታንሺ። አደራ።»

አስር ሰዓት ላይ የዶክተር ሄኖክን በር አንኳኳሁ። ስልክ ላይ ነበር፤ እየሳቀ በእጁ ግቢ አለኝ።

«ዛሬ ገና እንቅልፍ ልተኛ ነው» አለ ስልኩን እየዘጋ። «ምን ልርዳሽ፣ ጀግናዋ?»

አፌን ከፈትኩ። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ነገ... ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ሁለት ተኩል ይበቃል።»

«እሺ።»

በበሩ መስታወት በኩል ጋሽ ደምሴ ከብየዳው ጠረጴዛ እያዩኝ ነበር። ገብቼ ወዲያው መውጣቴን አይተው እንዳልነገርኩት አወቁ። ጋዋናቸውን ሲያወልቁ አጠገባቸው ደረስኩ።

«አይ ዝቅተኛ ኃይል» አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ እንዳዘነ አባት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ተዪው በቃ። ራስሽን አታስጨንቂ። አትናገሪም አንቺ።»

ቢቆጡኝ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

አብረን ወርደን የየታክሲያችንን ሰልፍ ያዝን፤ እሳቸው የመካኒሳን፣ እኔ የነፋስ ስልክን። ሰልፎቹ ጎን ለጎን ናቸው። የእሳቸው ተራ ሲደርስ አንድ እግራቸውን ታክሲው ላይ አሳርፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ክትባቱን የምትወጋዋን ሕፃን እኮ አናውቃትም» አሉ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ!» ሲላቸው ገቡ።

እቤት እራት ቀረበልኝ፤ አልበላሁም። እናቴ «አሞሻል?» ስትለኝ «ሥራ ነው» አልኳት። ለዶክተር ሄኖክ የምለውን ደጋግሜ በሐሳቤ አዘጋጀሁ። ከየትም ብጀምር መጨረሻው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ማን አገኘው? እኔ ነኝ ካልኩ እዋሻለሁ። እሳቸው ናቸው ካልኩ አደራ እበላለሁ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ዶክተር ሄኖክ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የእንግዶቹን ወንበሮች በጨርቅ ይወለውላል። ጋሽ ደምሴም አሉ፤ የሚበየድ ነገር ሳይኖር የብየዳውን ብረት አግለው ተቀምጠዋል። ሰላም አልኩና ወደ መታጠቢያው ሄድኩ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ተመልሼ ቺፑን ልክ ማክሰኞ ጠዋት እንደነበረው አገናኘሁት፣ ቁጥሮቹን ሰጠሁት።

«ዶክተር» አልኩ። አልሰማኝም።

«ዶክተር!»

ጨርቁን እንደያዘ መጣ። ባትሪውን ነቅዬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አንብበው» አልኩ።

ቁልፉን ተጫነ። ቁጥሮቹ ተደረደሩ። መጀመሪያ ሌላ ደስታ የመጣ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ መዳፉን አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«በዳታው ሽቦ» አለ ለራሱ። «ስንት ነው እውነቱ?»

ሁለቱን ወረቀቶች ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩለት። አሁን በወለወለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና አለ።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው?»

በኋላ የሆነውን አሁን አውቀዋለሁ። እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው እውነተኛውን ቁጥር ሰሙ፤ አልፈረሙም፣ ግን ስድስት ወር ጨመሩልን። ክፍሉ አልተዘጋም። ዶክተር ሄኖክና ጋሽ ደምሴ ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ግን ዶክተር ሄኖክ ከክርኑ ውሃ እየተንጠባጠበ መጥቶ «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይለኩና ሁለተኛውን እኔ ልያዝ?» አላቸው። ኮንትራታቸው ታደሰ፤ እስኪታመሙም አብረውን ሠሩ። ወረቀት ዛሬም እንገለብጣለን። ይህ ሁሉ ግን ኋላ የመጣ ነው። «አንቺ ነሽ?» ስባል አንዱንም አላውቅም ነበር።

የማውቀው ጋሽ ደምሴ ቀና እንዳላሉ ነው። ብረቱን ማሳረፊያው ላይ ሲያስቀምጡ ብረት ለብረት ተጋጨ። አዎ ብል ያልፋል። ዝም ብል እንኳ ያልፋል፤ ዝምታ ደግሞ የለመድኩት ነው።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ያገኙት ጋሽ ደምሴ ናቸው።»

«ምን?» አለ ዶክተር ሄኖክ።

ድምፄ አልደረሰውም።

«ያገኙት ጋሽ ደምሴ ናቸው!» አልኩ፤ ንድፍ ሠሪዎቹ በራቸውን ከፍተው ብቅ እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ጨርቁን ከእጁ ወስጄ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ቀዩን ቁጥር ከነስሜ ጠርጌ አጠፋሁት፤ በቦታው ዘጠኝ እጥፉን ጻፍኩ። ከጎኑ፣ እንደ ድሮው ደንብ፣ የሁለታችንን ስም ጻፍኩ። የእሳቸውን ከላይ።